ሁለተኛው ሩጫ

 

የአሰላ የስፖርት ወዳጆች «ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር ማዶ ሄደው ረጅም ርቀት ለሚሮጡ ልጆቻችን የሚበጅ ነገር ንገርልን» ብለው ሲጋብዙኝ ጥሪውን በደስታ ተቀበልኩ። እዚህ የተቀመጣችሁ አሠልጣኞች ስለ ልምምድ ከእኔ የበለጠ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ስለ ልምምድ አልናገርም። የምናገረው ልጁ ልምምዱን ጨርሶ ሻንጣውን ካነሣበት ሰዓት ጀምሮ ስለሚገጥመው ነገር ነው።

ሐሳቤን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ከዚህ ደጋ ወጥተው ዓለምን ያሸነፉት ጀግኖቻችን አብዛኞቹ የመጀመሪያውን የውጭ ውድድራቸውን ተሸንፈዋል። ለድል የበቁት ሌላ ዕድል ስለተሰጣቸው ነው። ስለዚህ ልጅ ስንልክ ሁለተኛው ሩጫው ከወዴት እንደሚመጣ አስቀድመን እናስብ። ንግግሬ ሦስት ክፍል አለው፤ መጀመሪያ መዝገቡ የሚለውን፣ ቀጥሎ ልጁን እዚያ የሚጠብቀውን፣ በመጨረሻም ከኋላው ማን መቆም እንዳለበት እናያለን። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የውድድሮቹ መዝገብ የተያዘው በዚያ ነውና።

ከመዝገቡ እንጀምር። ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ላይ ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ሜየርን ቀድማ 10,000 ሜትሩን በ31 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ ስትጨርስ፣ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት መሆኗን የማያውቅ እዚህ የለም። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ግን የበቆጂዋ ልጅ ኖርዌይ፣ ስታቫንገር ከተማ፣ የዓለም አገር አቋራጭ ውድድር ላይ ነበረች። ስንተኛ ወጣች? 23ኛ። በዓመቱ ፈረንሳይ፣ ኤክስ ሌ ባን ላይ 15ኛ ሆነች። በሦስተኛው ዓመት ቤልጅየም፣ አንትወርፕ ላይ ሁለተኛ። 23፣ 15፣ 2። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ያዙልኝ፤ እመለስባቸዋለሁ።

በዚያው አንትወርፕ፣ በ1991፣ የአሰላው ኃይሌ ገብረሥላሴ ከወጣቶቹ ጋር ተሰልፎ ነበር። 8ኛ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት በዚሁ ውድድር ቦስተን ላይ ሁለተኛ ሆነ፤ በዚያው ዓመት ሴኡል በተደረገው የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና 5,000ውንም 10,000ውንም አሸነፈ። ቀነኒሳ በቀለ በ1999 ቤልፋስት ላይ ከወጣቶቹ 9ኛ ነበር፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ ኦስተንድ ላይ ተከታዩን ከግማሽ ደቂቃ በላይ ጥሎት ገባ። እዚያው ኦስተንድ ላይ የ15 ዓመቷ ጥሩነሽ ዲባባ ለመጀመሪያ ጊዜ የአገሯን ማልያ ለብሳ 5ኛ ወጣች፤ ደብሊን ላይ ሁለተኛ፣ በ2003 ሎዛን ላይ አንደኛ ሆነች። በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ ፓሪስ ላይ በ18 ዓመቷ የ5,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ለመሆን በቃች። ፋጡማ ሮባም ብትሆን በ1996 አትላንታ ላይ የኦሊምፒክ ማራቶንን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ከመሆኗ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ጎተንበርግ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ማራቶን 19ኛ ነበረች።

እስቲ አስቡት። 23ኛ፣ 19ኛ፣ 9ኛ፣ 8ኛ፣ 5ኛ። ዛሬ ከመካከላችን አንድ ልጅ ሄዶ 23ኛ ቢወጣ ምን እንለዋለን? «አልሆነለትም» እንላለን። ደራርቱን ያኔ እንዲህ ብለናት ቢሆን ኖሮ ባርሴሎና አይኖርም ነበር።

«አበበ ቢቂላስ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሻምበል አበበ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በመጀመሪያው የውጭ ማራቶኑ አሸንፏል። ሆኖም አገሪቱ ከዚያ አራት ዓመት በፊት ሜልቦርን ሄዳ ያለ ሜዳሊያ ተመልሳ ነበር። አበበም ሮም ከመድረሱ በፊት አዲስ አበባ ላይ ማራቶን ሮጧል፤ ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነንም ለረጅም ጊዜ አብሮት ለፍቷል። የአበበ የመጀመሪያ ጉዞ ለአገሪቱ ሁለተኛዋ ነበር። ሜልቦርን ላይ የተሸነፉት ወንድሞቹ መንገዱን አይተውለት ነበር።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክፍል ልለፍ። ልጁን እዚያ ምን ይጠብቀዋል?

አየሩ ይጠብቀዋል። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ትላለች፤ በቆጂ ደግሞ ወደ 2,800 ሜትር ትጠጋለች። በዚህ ስስ አየር ያደገ ሰው ደሙ ኦክስጅን የመሸከም አቅሙ ይዳብራል፤ ይህ ሀብታችን ነው፣ ዓለምም ያውቅልናል። ነገር ግን ልጁ ባሕር ዳርቻ ካለ ከተማ ወርዶ መሮጥ ሲጀምር ትንፋሹ ከለመደው በላይ ይቀለዋል። ሳምባው «ጨምር» ይለዋል፤ እግሩ ግን በዚያ ፍጥነት ረጅም መንገድ ሄዶ አያውቅም። እዚህ የሚሠራው በሣርና በጫካ አፈር ላይ ነው፤ እዚያ የሚሮጠው በአስፋልት ላይ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን አምስት ኪሎ ሜትሮች ከአሯሯጩ ጋር እየበረረ ይሄድና ሠላሳኛው ላይ ባቱ ይታሰራል። ሙቀቱና ወበቁም አለ። የጭላሎን የጠዋት ብርድ የለመደ ልጅ በላብ የሚያጣውን ውሃ ልክ አያውቀውም፤ ካልተነገረውም አይጠጣም።

ሰዓቱ ይጠብቀዋል። ይህን አቅልላችሁ እንዳታዩት። አስተባባሪው «ውድድሩ 9 ሰዓት ይጀምራል» ሲለው፣ የእኛ ልጅ ምሳውን በልቶ አርፎ የሚሮጥ ይመስለዋል። የእነርሱ 9 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ግድም ተነሥቶ ቁርሱን መብላት ነበረበት። በዚያ ላይ የሰዓት ልዩነቱ አለ። ቻይና በአምስት ሰዓት ይቀድመናል፤ ኒውዮርክ ከእኛ ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ሰውነት ይህን ሁሉ በአንድ ሌሊት አይለምደውም። ከውድድሩ ዋዜማ የሚያደርስ ቲኬት ርካሽ ቢሆንም ልጁን ይጎዳዋል።

መንገዱስ? አውሮፕላን ይዘገያል፣ ሻንጣ ይጠፋል፣ የማታውቀው ቋንቋ በድምፅ ማጉያ ይነገራል። በ1995 ደራርቱ እንግሊዝ አገር፣ ዱራም ለሚደረገው የዓለም አገር አቋራጭ ስትሄድ አቴንስ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አንድ ሙሉ ቀን ያለ እንቅልፍ ተይዛ፣ ሩጫው ሊጀመር አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው ነበር የደረሰችው። ሮጣም አሸነፈች! ይህን ታሪክ ስንሰማ ጽናቷን እናደንቃለን፤ ይገባታልም። እኔ ግን ከጽናቷ ጋር ሌላም ነገር አያለሁ። ያኔ የኦሊምፒክ ሻምፒዮን ነበረች፤ ውጭ አገር ወጥታ መሮጥ ከጀመረች ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር። ያው መዘግየት ስታቫንገር ላይ፣ ገና በልጅነቷ ገጥሟት ቢሆን ምን ትሆን ነበር? ልምድ ያለው ሰው የሚችለውን ነገር ከጀማሪ መጠበቅ የለብንም። ስለዚህ ሁለት ነገር ለልጆቹ አስተምሩ። የመሮጫ ጫማና ማልያ በእጅ ቦርሳ ይያዛል እንጂ ከሻንጣ ጋር አይላክም። የተቀባዩ ስልክ ቁጥርና የሆቴሉ አድራሻ በወረቀት ላይ ተጽፎ ኪስ ውስጥ ይቀመጣል፤ የስልክ ባትሪ ያልቃልና።

ውሃው ይጠብቀዋል። በትልልቅ ማራቶኖች በየአምስት ኪሎ ሜትሩ ጠረጴዛ አለ፤ ሯጩ ያዘጋጀው ጠርሙስ ስሙ ወይም ቁጥሩ ተጽፎበት ይጠብቀዋል። በዚያ ፍጥነት እየሮጡ፣ ከብዙ ጠርሙሶች መካከል የራስን ለይቶ፣ ሳይጥሉ ማንሣት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በ2014 ጥሩነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ማራቶን ልትሮጥ ለንደን ገባች። ያኔ ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅ አላት፤ በመም ላይ የምትፈራው ሰው የለም። ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ጠርሙሷ ከእጇ ወደቀ። ቆማ፣ ተመልሳ አነሣችው፤ መሪዎቹ ሄዱ። በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ ሦስተኛ ወጣች። ከአሸናፊዋ የለያት 14 ሰከንድ ነበር። በእርግጥ 14ቱም ሰከንድ የጠርሙሱ ነው ማለት አንችልም። ግን አሠልጣኞች ሆይ፣ ለጥሩነሽ ያስቸገረ ነገር ለእኛ ጀማሪ አያስቸግርም? አንድ ጠረጴዛ አስፋልት ዳር ማውጣት ምን ያስወጣናል? እሑድ ጠዋት ከረጅሙ ሩጫ ጋር ጠርሙስ ማንሣትን ልመዱ። በሩጫ መካከል የሚጠጣውንም ነገር እዚሁ ቅመሱት፤ ሆድ የማያውቀው ነገር በውድድር ቀን አይሞከርም።

ስለ ምግብ ብዙ አልልም። እናቶች በሶ ታስይዛላችሁ፤ መልካም ነው፤ ሆድ ያውቀዋል። ጭኮ ግን ቅቤ አለበት። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ከውጭ የወተት ተዋጽኦ በሻንጣ ይዞ መግባት ክልክል ስለሆነ ኬላ ላይ ይወሰድበታል። የደከማችሁበት ሲጣል ልጁም ይከፋዋል፤ ጭኮውን ከመሄዱ በፊትና ሲመለስ አብሉት።

ከውድድሩ በኋላ ደግሞ ምርመራው አለ። አንድ የማያውቀው ሰው ልጁ መስመሩን እንዳለፈ አጠገቡ መጥቶ ይቆማል፤ ከዓይኑም አይለየውም። ወጣቶች፣ አትደንግጡ፣ አትሽሹ። የዶፒንግ ምርመራ ነው። መሸሽና እምቢ ማለት ራሱ ያስቀጣል። ሕጉ ጥብቅ ነው፤ በሰውነታችሁ ውስጥ ለተገኘው ነገር ተጠያቂው እናንተው ናችሁ። «አላወቅሁም፣ ሰው ሰጥቶኝ ነው» ማለት ከቅጣት አያድንም። ስለዚህ ጉልበት ይሰጣል ተብሎ በየሠፈሩ የሚሰጥ መርፌና ኪኒን ይቅርባችሁ። ለጉንፋን እንኳ መድኃኒት ስትወስዱ ሯጭ መሆናችሁን ለሐኪሙ ንገሩት፤ የመድኃኒቱንም ስም ጽፋችሁ ያዙ።

ወደ ሦስተኛው ክፍል መጣሁ፤ ከሁሉ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። 23፣ 15፣ 2 ያልኳችሁን አስታውሱ። ከ23 ወደ 15፣ ከ15 ወደ 2 የወሰዳት ማን ነው? ጉልበቷና ወኔዋ፣ አዎ። ግን ከኋላዋ ክለብ ነበር፤ የብሔራዊ ቡድን ነበር። ስታቫንገር ላይ 23ኛ ስትወጣ ቲኬቷን መልሺ ያላት የለም። ቀነኒሳ የሙገር ሲሚንቶ ክለብ ልጅ ነበር። የጥሩነሽ ታሪክ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። አዲስ አበባ ስትመጣ የትምህርት ቤት ምዝገባ አምልጧት ነበር፤ ወደ አገር ቤት ብትመለስ የሚጠብቃት ትዳር እንደሚሆን ፈራች፤ በማረሚያ ቤቶች ክለብ ገብታ ሮጠች። በዓመቱ ኦስተንድ ላይ 5ኛ። ክለቡ ባይኖር 5ኛ የወጣች የ15 ዓመት ልጅ የት ትሄድ ነበር? እዚህ ያላችሁ እናቶች መልሱን ታውቁታላችሁ።

በዚህ ከተማ በጥሩነሽ ስም የተሰየመ የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከል አለ። በቆጂ ላይ አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ገና በትምህርት ቤት ሳሉ እነ ደራርቱን፣ እነ ቀነኒሳን፣ እነ ጥሩነሽን ያወጡበት ሜዳ አለ። ልጁን ከማሳው አንሥቶ ሯጭ ማድረጉን እናውቅበታለን። የምንቸገረው ቀጥሎ ነው። ድሮ ወደ ውጭ የሚወስደው ዋናው በር የዓለም አገር አቋራጭ ነበር። ጃን ሜዳ ላይ የተመረጠ ልጅ ከጓደኞቹና ከአሠልጣኙ ጋር ሆኖ ይሄድ ነበር፤ ውድድሩም በየዓመቱ ነበር። ለዚህ ነው የደራርቱ ሦስት ቁጥሮች በሦስት ተከታታይ ዓመታት የመጡት። ከ2011 በኋላ ግን ውድድሩ በየሁለት ዓመቱ ሆነ። በ17 ዓመቱ የተሸነፈ ልጅ በ18 ዓመቱ የሚመለስበት ቦታ ጠበበ። በዚያ ምትክ የጎዳና ላይ ሩጫ በዛ፤ ልጁም በማናጀር በኩል ብቻውን ይሄዳል።

ማናጀሮችን ለመውቀስ አልመጣሁም። መንገድ የከፈቱ፣ ለልጆቻችን የታመኑ አሉ። ውሉ የሚሠራበትን መንገድ ግን እንወቅ። ማናጀሩ አብዛኛውን ጊዜ ከገቢው 15 በመቶ ይወስዳል። በብዙ ውሎች ላይ የአውሮፕላኑ፣ የቪዛውና የሆቴሉ ወጪ በቅድሚያ ተከፍሎ ከሽልማቱ ይቆረጣል። የሽልማቱ ገንዘብ ለጥቂቶቹ መሪዎች ነው፤ ግብር ይቆረጥበታል፤ ብዙ ጊዜም የምርመራው ውጤት ሳይታወቅ አይለቀቅም። እንግዲህ ልጃችን በመጀመሪያ ጉዞው 12ኛ ወጣ እንበል። ለእኔ ይህ ግሩም ውጤት ነው፤ ደራርቱ 23ኛ ነበረች። ለእርሱ ግን ባዶ እጅና ዕዳ ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ አባት በሬ ሸጦ፣ እናት ከዕቁብ ተበድራ የሚጠብቁት ከሆነ፣ ልጁ ምን ፊት ይዞ ይመለሳል? አፍሮ እዚያው የቀረ አለ። ሳያገግም በሳምንቱ ሌላ ማራቶን ሮጦ እግሩን ያበላሸ አለ። መርፌውም የሚመጣው በዚህች ቀዳዳ ነው።

ስለዚህ ሦስት ልመና አለኝ። ክለቦችና ማናጀሮች፣ ውሉ ላይ ከአንድ በላይ ውድድር ጻፉ፤ የመጀመሪያው ጉዞ ወጪ ከመጀመሪያው ሽልማት ላይ ብቻ እንዲነሣ አታድርጉ። ልጁ ከመፈረሙ በፊት ውሉ በሚገባው ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞም ሆነ በአማርኛ፣ ወላጅ ባለበት ጮክ ተብሎ ይነበብ። ወላጆች፣ በሬውን አትሽጡ። አንድ ሩጫ ላይ የቤት ኑሮ አይጣልም።

ለአሠልጣኞችም አንድ ቃል አለኝ፤ ማራቶንን አታስቸኩሉ። በዓለም ሻምፒዮና ማራቶን ከ20 ዓመት በታች ያለ ሯጭ አይሰለፍም፤ የልጁን ዕድሜ በወረቀት ማሳደግ ጉልበቱን አያሳድገውም። ኃይሌ በ1988፣ በ15 ዓመቱ አዲስ አበባ ላይ ማራቶን ሮጦ በ2 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ጨርሷል። ከዚያ በኋላ ለዓመታት የሮጠው በመምና በአገር አቋራጭ ነው። በ2002 ለንደን ላይ ሲመለስበት፣ የዓለም ክብረ ወሰኖችን ሰባብሮ የመጣው ሰው፣ ሦስተኛ ነበር። በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ የሮጠው ከዚያ ስድስት ዓመት ቆይቶ ነው። ቀነኒሳ የመጀመሪያ ማራቶኑን፣ የ2014ቱን የፓሪስ፣ በ2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ አሸንፏል። ቀጥሎ ቺካጎ ላይ አራተኛ ሆነ፤ ዱባይ ላይ አቋረጠ። የመጀመሪያውን ያሸነፈም ቢሆን ሌላ ዕድል ያስፈልገዋል ማለት ነው። ያን ዕድል አግኝቶ በ2019 በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ሮጠ፤ ከያኔው የዓለም ክብረ ወሰን በሁለት ሰከንድ ብቻ ዘግይቶ።

አንድ ነገር ጨምሬ መድረኩን እለቃለሁ። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ውጭ አገር ሄዳችሁ ሮጣችሁ፣ 15ኛ ወይም 30ኛ ወጥታችሁ፣ ያለ ሽልማት የተመለሳችሁ ሰዎች አላችሁ። ከተመለሳችሁ ወዲህ ስለ ጉዞው የጠየቃችሁ ሰው ብዙ ላይሆን ይችላል። ኬላው ላይ ምን እንደተባላችሁ፣ ስንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ እግራችሁ እንደከበደ፣ ውሉ ላይ የቱን መስመር ሳታነቡ እንደፈረማችሁ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ፊት ለፊት የተቀመጡት ልጆች አንዳንዶቹ ፓስፖርታቸውን አውጥተዋል። የጥያቄና መልሱ ጊዜ ይጀመራል፤ የመጀመሪያውን ማይክ ለእናንተ እንዲሰጡልኝ አዘጋጆቹን እጠይቃለሁ።